ሁልጊዜ የግራው፦ ከፍ የተደረገች የአንዲት ቪትዝ ጉዳይ

ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ገና አባርቶ፣ ጎረቤቴ የግቢዬን በር አንኳኳ። ስከፍትለት እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ ነው። ሰላምታም የለ።

"ደግሞ ተቀደደ" አለኝ።

"የቱ?"

"የቱ ይሆናል! የግራው ነዋ።"

ሦስተኛው ነበር። ከጥር እስከ ነሐሴ ሦስት ጊዜ የፊት ግራ ሴሚያስ ላስቲክ ተቀደደ። ላስቲክ የምለው ያንን እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ጥቁር ነገር ነው። ሴሚያሱ፣ ማለትም ጉልበትን ከማርሽ ሣጥኑ ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ፣ ከጎማው ጋር የሚገናኝበትን ታጣፊ መጋጠሚያ፣ ሲቪ ጆይንት የሚባለውን፣ ሸፍኖ ይይዛል። ግራሶው እንዳይወጣ፣ ጭቃው እንዳይገባ። ሲቀደድ ግራሶው በቸርኬው የውስጥ ገጽ ላይ ይረጫል። ቀጥሎ አቧራ ይገባል፣ መጋጠሚያው ይበላል፣ መሪ ሙሉ በሙሉ ሲጠመዘዝ "ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ" ማለት ይጀምራል። አሮጌ ቪትዝ የነዳ ሰው ይህቺን ድምፅ በእንቅልፉም ይለያታል።

ለምን እንደሚቀደድ መልሱን ለማግኘት የፈጀብን ጊዜ ያሳፍራል። ከሚለካው ነገር ይልቅ የሚገዛውን ስናስብ ነበር የከረምነው።

መኪናዋ

የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ ናት። ቶዮታ ይህን ሞዴል ጃፓን ውስጥ ያወጣው በጥር 1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስታርሌትን ተክቶ። አውሮፓ ላይ ያሪስ ተብሎ ተሸጠ፣ በ2000 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሎም ተመረጠ። ቅርጹን ያወጣው ሶቲሪስ ኮቮስ የሚባል ግሪካዊ ነው። የጎረቤቴ መኪና ባለ 997 ሲሲ ሞተር ናት። ካቴናዋ፣ የሞተሩን ቫልቮች ከፒስተኖቹ ጋር እኩል የሚያስኬደው፣ ሰንሰለት ስለሆነ በየጊዜው ቀበቶ የመቀየር ጣጣ የለባትም። ማርሿ ማንዋል ነው።

ስትሠራ መሪዋ በቀኝ ነበር። እዚህ ከመድረሷ በፊት ወደ ግራ ዞሯል። በዚህ ረገድ ቪትዝ ዕድለኛ ናት፤ የፍጥነት ቆጣሪዋ ዳሽቦርዱ መሃል ላይ ነው፤ መሪውን ወዴትም ብታዞረው ቅር አይላትም። ይህን የማነሳው ለጨዋታ አይደለም። በኋላ ጥፋተኛ ተብሎ መጀመሪያ የተያዘው ይኸው የዞረ መሪ ነው።

"ሸጠህ ሌላ ለምን አትገዛም?" የሚል አይጠፋም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ የሚገቡ ያረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባትን ከለከለ። ስለዚህ እዚህ ያለችው ቪትዝ እዚሁ ታረጃለች። ከሷ ጋር ማርጀት ነው። ደግሞ እውነቱን ለመናገር እሱ መሸጥም አይፈልግም። ቅዳሜ ጠዋት በሩ ላይ አራት ቪትዝና አንዲት ስታርሌት ተደርድረው፣ ኮፈናቸው ተከፍቶ፣ እኛ ቡና ይዘን ስንከራከር ያየ ሰው ይገባዋል።

ለምን ከፍ እናደርጋለን

ሌላ አገር የዚህ መኪና ወዳጆች ዝቅ ያደርጉታል። አጭር ሞላ፣ ሰፊ ቸርኬ፣ አስፋልቱን ሊነካ ምንም የማይቀረው መከላከያ። ፎቶውን እናያለን፣ "ያምራል" እንላለን፣ ከዚያ ወደ ቤታችን እንነዳለን።

ቤታችን ከአዲስ አበባው አያት ሰፈር አልፎ፣ ወደ ለገጣፎ ሲኬድ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በሚታጠፍ አዲስ ሰፈር ነው። አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ጥቂት ኮብልስቶን አለ፣ ከዚያ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ፒስታ። አፈሩ ዋልካ ነው። በጋ ላይ ተሰንጥቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ክረምት ላይ ከጫማ ጋር አብሮ የሚሄድ ጭቃ ይሆናል። የከባድ መኪና ጎማ ሁለት ጥልቅ ቦይ ያወጣበታል፣ መሃሉ እንደ መደብ ይቀራል። ቪትዝ በዚያ ስታልፍ መደቡ ሆዷን ይጠርገዋል። ጎረቤቴ አንዴ የዘይት ኮፓው ተመትቶ ዘይቱን እስከ በሩ ድረስ እያንጠባጠበ ገብቷል። በማግስቱ "ከፍ ትደረግ" ተባለ።

ስለዚህ የኛ ሰፈር ማሻሻያ ማለት ከፍ ማድረግ ነው። ዋናው ዘዴ ስፔሰር ነው። ብረት የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ሄዶ ክብ ነገር ማስቀረጽ፣ ከፊት አሞርዛተር (ንዝረት ማብረጃ) ራስና ከቦዲው መካከል ማስገባት፣ ቡሎኑን በረጅም መቀየር። ለኋላው ደግሞ ሞላው ሥር ማስቀመጥ። ሁለተኛው ዘዴ በሞላው ጥቅልሎች መካከል የሚጠቀጠቀው ጎማ ነው፤ ርካሽ ነው፣ በግማሽ ሰዓት ያልቃል። ሦስተኛው ትልቅ ጎማ መግጠም። ሦስቱም ሆዷን ከመሬት ያርቃሉ፤ የሚያስከፍሉት ግን የተለያየ ነው፣ ጉዳዩም የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

የተደረገው ሁሉ

ታኅሣሥ ላይ የ4 ሴንቲ ሜትር ስፔሰር ገባ። ልጁ፣ ጎረቤቴን ማለቴ ነው፣ ደስ አለው። በመጀመሪያው ቀን ፒስታውን ያለ አንድ ድምፅ አለፈችው፤ ቪዲዮ ቀርጾ ላከልኝ።

ጥር ላይ የመጀመሪያው ላስቲክ ተቀደደ። አሮጌ ነው፣ ደርቋል ተባለ። ማንም አልተጠራጠረም። ሴሚያሱን ላለማውረድ ሲል ያንን ተሰንጥቆ የሚመጣውንና በሙጫ የሚጣበቀውን ላስቲክ አስገጠመ። በዚህ ላይ የግል አቋም አለኝ፦ ለመንገድ ላይ ችግር እንጂ ለኑሮ አይሆንም።

መጋቢት ላይ ጎማ ቀየረ። በፊት ባለ 13 ቸርኬ ላይ 155/80 ነበር። አሁን ባለ 14 ቸርኬ ላይ 175/70 ሆነ። ወዲያው ሌላ ቅሬታ መጣ፦ "ዳገት ላይ ደከመች።" ካንዴላ ቀየረ። አየር ማጣሪያ ቀየረ። ቤንዚን ማደያውን ሳይቀር ቀየረ። ምንም።

ሚያዝያ ላይ ሙጫው ለቆ ላስቲኩ ተከፈተ። በዚህ ጊዜ ሴሚያሱ ወርዶ ሙሉ ላስቲክ፣ አዲስ ግራሶ፣ አዲስ ፋሸታ (ማሰሪያ) ገባ። ያው ርካሹን ነበር የገዛው። ነሐሴ ላይ ሲቀደድ ስድቡ ሁሉ የላስቲኩ ነጋዴ ላይ ወረደ።

ጋሼ ምን አሉ

ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሜካኒክ አሉ። ጋራዣቸው በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው፤ ምልክት የለውም፤ ግን ከአያት እስከ ለገጣፎ ያለ የአሮጌ ቶዮታ ባለቤት መንገዱን ያውቀዋል። መኪናዋን ዞረው አዩ። አጎነበሱ። ተነሡ።

"መሪው ስለዞረ ነው" አሉ።

ግምቱ ትርጉም ነበረው። መሪ ሲዞር ሣጥኑ ከሌላ መኪና ሊገጠም ይችላል። ወደ አንድ ወገን ከሚገባው በላይ ከተጠመዘዘ የዚያ ወገን ሴሚያስ ይጨነቃል። ግን ይሄ በአምስት ደቂቃ ይፈተሻል። መሪውን ቀጥ አድርገን ወደ ግራ እስኪያልቅ ዞሩን ቆጠርን። ከዚያ ወደ ቀኝ። እኩል ነው። ሁለቱን ጎማዎችም በየተራ መሬት ላይ በጠመኔ አሰመርናቸው። ወደ ግራ ሲዞር የግራው ጎማ የሚዞረውን ያህል፣ ወደ ቀኝ ሲዞር የቀኙ ይዞራል። መሪው ነጻ ወጣ። ጋሼ አልተቀየሙም። "እንግዲያውስ እናንተ ንገሩኝ፣ ተማሪዎቹ እናንተ ናችሁ" ብለው ሳቁ።

ከዚያ የሠሩት ነገር ግን ከኛ ሁሉ የላቀ ነው። ያልተቀደደውን የቀኝ ላስቲክ በጨርቅ አጠቡት። አዲስ ላስቲክ የገባለትን የግራውንም እንዲሁ። በሁለቱም እጥፋቶች ላይ ጠመኔ በወፍራሙ ቀቡ። "በሉ ነድታችሁ ኑ" አሉ። ሰፈሩን ዞርን፣ እስከ ልጁ በር ሄደን ተመለስን። ጎማው ወልቆ ስናይ የቀኙ ላስቲክ ጠመኔ እንዳለ ነው። የግራው ግን በሁለት እጥፋቶች መካከል ዙሪያውን ጠርቶ ጥቁሩ ያበራል። እጥፋቶቹ እርስ በርሳቸው እየተፋተጉ ነው። ዋልካ በዚያ መሃል ገብቶ ሲደርቅ እንደ ሞረድ ነው የሚሠራው። አዲስ ቢሆን፣ ውድ ቢሆን፣ የጃፓን ቢሆን ጥቂት ወር ብቻ ነው።

ነጋዴው በሐሜት ተበድሏል።

ሜትሩ

ፍትጊያው የሚመጣው ሴሚያሱ ከሚገባው በላይ ስለታጠፈ ነው። ግን ስንት ነው የታጠፈው? 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያደረጉ ሌሎች አሉ፣ ላስቲካቸው ደህና ነው። የኔዋ ቪትዝ ከፍ ያላለች፣ በ155/80 ጎማዋ ላይ ያለች ስለሆነች ለማወዳደሪያ አጠገቧ ቆመች። ሁለቱም መሬት ላይ፣ ደልዳላ ቦታ። ክሪክ ላይ መለካት ዋጋ የለውም፤ ጎማው ሲንጠለጠል ማዕዘኑ ሁልጊዜ መጥፎ ይመስላል። ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ለካን።

ልዩነቱ 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ሆነ።

ልጁ "አይሆንም፣ ስፔሰሩ 4 ነው" አለ። ደግመን ለካን። 6 ተኩል። የኔዋ ሞላ ሃያ ዓመት አልፎታል፣ ትንሽ ሳይዝል አልቀረም፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ለሱ እንስጠው። ቀሪው 2 ሴንቲ ሜትር ከየት መጣ? ጋሼ በባትሪ መብራት ወደ ሞላው አዩ። ጭቃውን በካቻቢቴ ፋቅ ፋቅ አደረጉት። በጥቅልሎቹ መካከል የሞላ ጎማ ተጠቅጥቋል። ጎማው ከጭቃው ጋር አንድ መልክ ይዟል።

"ይህን ማን አስገባው?"

ልጁ አያውቅም። የበፊቱ ባለቤት ነው። እሱም በጊዜው የራሱ ፒስታ ኖሮት ይሆናል። ስፔሰሩን የገጠመው ሰው ሞላውን ይዞ ሲሠራ ሳያየው አይቀርም፤ ግን ባለቤቱ ያስገባው መስሎት ዝም ብሏል። ጋሼም ከዚህ በፊት አይተውት እንደነበር አመኑ፤ እሳቸውም ያው መስሏቸው ነበር። ሦስት ነገር በሦስት ጊዜ በአንዲት መኪና ላይ ተጨመረ። ማንም ድምሩን አልደመረም።

ሌላ ነገርም ተፈታ። ከመንገድ ጉብታ ስትወርድ ከፊት "ጓ!" የሚል ድምፅ ነበራት። የጎማ መጋጠሚያው ቴስቲና ተቀይሯል፣ ጎማውን የያዘው ክንድ ብራቾ ተፈትሿል፣ አልጠፋም። ምክንያቱ ያው የሞላ ጎማ ነው። ስፔሰር አሞርዛተሩን እንዳለ ወደ ታች ይገፋዋል፣ የመዘርጋት አቅሙን አይነካም። የሞላ ጎማ ግን አሞርዛተሩን በቆመበት አስቀድሞ ይዘረጋዋል። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ የቀረው መዘርጊያ ትንሽ ነው፤ ያልቅና ይመታል።

ለምን ግራው ብቻ?

ይህ ነበር ሁላችንንም የበላን። ሁለቱም ወገን እኩል ከፍ ብሏል፤ ስፔሰሩ እኩል፣ የሞላው ጎማም እኩል። ታዲያ ቀኙ ስምንት ወር ሙሉ ዝም ያለው ለምንድን ነው?

ከሥር ገብቶ ቀና ብሎ ማየት በቂ ነው። የቪትዝ ሞተር አግድም ነው የተቀመጠው። ካምቢዮው (ማርሽ ሣጥኑ) ከሞተሩ በግራ በኩል ነው። ስለዚህ የግራው ሴሚያስ አጭር ነው፣ የቀኙ ረጅም። መሰላል ግድግዳ ላይ እንደማስደገፍ ነው፤ አጭሩ መሰላል ለዚያው ከፍታ ይበልጥ ይቆማል። ለምሳሌ በሁለቱ መጋጠሚያዎች መካከል 40 ሴንቲ ሜትር ቢኖር፣ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ 7 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። 70 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ግን 4 ዲግሪ ብቻ። ያው ስፔሰር፣ የተለያየ ቅጣት።

ሁለተኛው ምክንያት የልጁ በር ነው። መንገዱ ጠባብ ነው፣ በሩ በግራ በኩል ነው፣ መግቢያው ዳገት ነው። በየቀኑ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ጠምዝዞ፣ ቤንዚን ረግጦ ነው የሚገባው። መኪና ወደ ግራ ስትታጠፍ ውስጠኛው የግራው ጎማ ከቀኙ የበለጠ ይዞራል። ስለዚህ አጭሩ ሴሚያስ፣ ከፍ ባለ ማዕዘን ላይ፣ የመጨረሻው መጠምዘዣ ላይ፣ ሙሉ ጉልበት ተሸክሞ። በቀን ሁለቴ። ሚስቱ ይህን ስትሰማ "በሩን በቀኝ አስከፍት ብዬህ ነበር" አለችው። ብላዋለች፤ እኔም ነበርኩ።

የተወሰነው

የሞላው ጎማ ወጣ። በዚህ ላይ ክርክር አልነበረም። ስፔሰሩ ቶርኖ ቤት ተመልሶ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ተላጠ። እዚህ ላይ ልጁ ተንገራገረ፤ ከፍታዋን ወዷታል፣ እውነት ለመናገር ቁመናዋም አምሮባት ነበር።

ትልቁ ጎማ ግን ይቅር አልን። ጋሼ መጀመሪያ እሱንም አውርዱ ብለው ነበር። እኔ አልተስማማሁም። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ 155/80 በ13 ቸርኬ ዳር እስከ ዳር 578 ሚሊ ሜትር ነው። 175/70 በ14 ቸርኬ 600 ነው። ግማሹ፣ ማለትም 11 ሚሊ ሜትር፣ መኪናዋን ከመሬት ያርቃታል። እሱ ደግሞ የሴሚያሱን ማዕዘን አይነካም፤ ካምቢዮውም ቸርኬውም አብረው ነው ከፍ የሚሉት። ከሦስቱ ጭማሪዎች ላስቲኩን የማያስቀጣው ይህ ብቻ ነው።

ዋጋው ሌላ ቦታ ይከፈላል። ጎማው ወደ 4 በመቶ ስለተለቀ ማርሹ ሁሉ በዚያው ልክ ረዝሟል። ቆጣሪው 80 ሲል መኪናዋ 83 ትሄዳለች። ዳገት ላይ የደከመችውም ለዚህ ነው። 4 በመቶ ትንሽ ይመስላል። ግን ይህች ሞተር ከፋብሪካ ስትወጣ 70 ፈረስ ጉልበት ናት፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነች። አየሩ ስስ ነው፤ ከጉልበቷ ሩብ ያህሉን እዚሁ ታጣዋለች። ከቀረው ላይ ነው 4 በመቶው የሚቀነሰው። ካንዴላ ምን ያድርግ? ልጁ ይህን ሲያውቅ ዳገት ላይ አንድ ማርሽ ቀድሞ መቀነስ ጀመረ፤ ቅሬታውም በዚያው ቀረ።

መጋጠሚያው አቧራ ጠጥቶ ስለነበር ሙሉ የግራ ሴሚያስ ያስፈልግ ነበር። አሮጌ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄድን። አሮጌ ሴሚያስ ለሚገዛ ሰው አንድ ነገር ልንገር፦ አዲስ ቀለም የተቀባውን ትታችሁ የቆሸሸውን እዩ። ዘንጉን በአንድ እጅ፣ ጫፉን በሌላው ይዛችሁ ወዲያና ወዲህ በትንሹ ጠምዝዙት። ክፍተት ካለ እጃችሁ ይሰማዋል፣ ጠቅ ይላል። ከዚያ እስከ መጨረሻው አጥፋችሁ ዙሪያውን አሽከርክሩት፤ አንድ ቦታ ላይ ከያዘ መልሱለት። አራተኛውን ነው የወሰድነው። ሻጩ ሦስተኛው ላይ ትዕግሥቱ አልቆ "ልታገባት ነው እንዴ?" ብሎታል።

መጨረሻ ላይ አላይመንት። ከታኅሣሥ ጀምሮ ማንም ያሰበው አልነበረም። የፊት ጎማዎቹ የውጭ ጠርዝ ተበልቶ ነበር። ከፍታ ሲቀየር የጎማው አቋቋም አብሮ ይቀየራል፤ ስፔሰር የገባ ቀን አላይመንት ካልተሠራ አዲሱን ጎማ በፒስታው ላይ እየሞረዱ መሄድ ነው።

ከዚያ ወዲህ

ሥራው ያለቀው መስከረም አጋማሽ ላይ ነው። ጥቅምት ላይ ጠመኔውን ደገምነው፤ አልጠራም። ጥር ላይ፣ በዓመቱ መሆኑ ነው፣ ላስቲኩን በጨርቅ ጠርገን በባትሪ አየነው። ስንጥቅ የለም። "ጓ" የሚለው ድምፅ ጠፍቷል። "ቀጭ ቀጭ"ም የለም።

አንድ ነገር ግን ተመልሶ መጣ። ዝቅ ስላለች ከበሩ 50 ሜትር ገደማ ላይ ያለው መደብ እንደገና ሆዷን መጥረግ ጀመረ። ልጁ ሜትር ይዞ ወረደ። በዚያ ቦታ የጎደለው 3 ሴንቲ ሜትር ነው። "ስፔሰሩን ትንሽ ልመልሰው እንዴ?" አለኝ። ጋሼ ይህን ሰምተው የመለሱትን እዚህ አልጽፈውም።

ከአምስት ቤት ገንዘብ ተዋጣ። አንድ ሲኖትራክ ገረጋንቲ መጣ። ቅዳሜ ጠዋት ቪትዞቹ ወደ ዳር ተገፉ፣ ቡናው በቴርሞስ ወጣ፣ እኛ አካፋ ያዝን። ቦዩ ሞላ፣ መደቡ በዶማ ተላገ። ከሰዓት ላይ ልጁ መኪናዋን በዚያ አሳለፋት። መስኮቱን ከፍቶ፣ አንገቱን አውጥቶ፣ ወደ ታች እያዳመጠ። ስታርሌት ያለችው ጎረቤታችን ከኋላ እየተከተለ "አልነካም! አልነካም! ንዳ!" ይላል።